ምዕራፍ ሰባት፦ የሐዲዱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ቤዛንሶን በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ድንበር በሚጠጋው ኮረብታማ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። የነዋሪዋ ቁጥር 120 ሺህ ገደማ ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ሲደመሩ እንኳ 200 ሺህ አይሞላም። ስሟን ያስጠራው የሰዓት ኢንዱስትሪዋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተዳክሟል። ወደብ የላትም፤ ነዳጅ አይወጣባትም፤ የአገሪቱ ዋና ከተማም አይደለችም። ይህች ከተማ በ2014 የበጋ ማብቂያ ላይ 14.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዘመናዊ የትራም መስመር ሥራ አስጀመረች። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። ለነዋሪው ቢካፈል ጨቅላ ሕፃን ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው ከ1,250 ዩሮ በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ስለ ውጭ አገር ሲነሳ ዘመኑ በፈረንጆች፣ ስለ ኢትዮጵያ ሲነሳ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል።) በሕዝብ ብዛት ብዙ እጥፍ የሚበልጧት ከተሞች በየአህጉሩ ትራም እየተመኙ ሲኖሩ፣ ቤዛንሶን ያን ያህል ገንዘብ ከየት አመጣች? ምላሹን መሐንዲሶቹ ዘንድ ብንፈልገው አናገኘውም። የሚገኘው ቤዛንሶን ትራም ከማሰቧ ከረጅም ዓመታት በፊት በወጣ አንድ የግብር ሕግ ውስጥ ነው።

የአነስተኛ ከተሞች ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ችግሩ የካፒታል እጥረት ተደርጎ ይታያል። ከንቲባው ፕሮጀክቱን በአቃፊ ይዞ መጀመሪያ ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል፤ ሚኒስቴሩ በጀት የለም ይለዋል። ከዚያ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ባለሀብት ይሄዳል። ሦስቱም በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ገንዘቡን ዛሬ ብንሰጥህ በየዓመቱ ከምን ትመልሳለህ? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ያለው ከንቲባ አበዳሪ አይቸግረውም፤ በዓለም ላይ አስተማማኝ ተከፋይ የሚፈልግ ገንዘብ ሞልቷል። ምላሽ የሌለው ደግሞ የፕሮጀክቱ ጥናት ምንም ያህል ቢያምር ባዶ እጁን ይመለሳል። ትንሽ ከተማን ከትልቅ ሥራ የሚያግደው ለብዙ አሥርት ዓመታት በየዓመቱ የሚገባ፣ ለትራንስፖርት ብቻ በሕግ የታሰረና ከተማዋ ራሷ የምታዝዝበት ገቢ አለመኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ገቢ አስቀድሞ ከቆመ የመንግሥት ድጎማውም የባንክ ብድሩም ተከትሎት ይመጣል።

የፈረንሳይ ምክር ቤት ይህን ገቢ የፈጠረው በ1971 ነው፤ ያኔ ሕጉ የሚሠራው ለፓሪስና ለአካባቢዋ ብቻ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከዘጠኝ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ለደመወዝ ከሚያወጣው ገንዘብ ከመቶ ጥቂት እጅ ለከተማው የሕዝብ ትራንስፖርት ይከፍላል። (የሠራተኛው ቁጥር በኋላ ወደ 11 ከፍ ተደርጓል።) ሠራተኛው በሰዓቱ ፋብሪካው በር ላይ እንዲገኝ የሚያደርገው አውቶቡሱ ወይም ባቡሩ ነውና፣ ጥቅሙን የሚያገኘው አሠሪ ከወጪው ይካፈል የሚል ምክንያት ተሰጠው። በ1973 ሕጉ ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪ ወዳላቸው ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ በዓመቱ መነሻው ወደ 100 ሺህ ወረደ፤ እየቆየም 10 ሺህ ነዋሪ ላላት ከተማ ሳይቀር ተፈቀደ። አሠሪው ገንዘቡን የሚከፍለው ከሌላው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ጋር በአንድ መንገድ ስለሆነ ከተማዋ የራሷን ሰብሳቢ ሠራዊት ማቆም አላስፈለጋትም። ዛሬ ከፓሪስ ውጭ ላሉ የፈረንሳይ ከተሞች የትራንስፖርት ወጪ ግማሽ ያህሉን የሚሸፍነው ይህ መዋጮ ነው፤ ከተሳፋሪው ቲኬት የሚገኘው አንድ አምስተኛም አይሞላም።

የሕጉን ብልሃት ለማየት ስሌቱን በእጅ መሥራት ይጠቅማል። 40 ሺህ ተቀጣሪዎች ያሏት፣ አማካይ ደመወዟም በወር 2,000 ዩሮ የሆነ ከተማ አለች እንበል። የዓመቱ ደመወዝ 960 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል። ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ በመደበኛው ጊዜ የምትጥለው መዋጮ ከመቶ 1 አካባቢ ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ 9.6 ሚሊዮን ዩሮ ያስገባል፤ አውቶቡሶቿን የምታንቀሳቅስበት ነው። የራሱ መንገድ ያለው ትራም ወይም አውቶቡስ ለመሥራት ከወሰነች ግን ሕጉ ምጣኔውን እስከ 1.75 ከመቶ እንድታሳድግ ይፈቅድላታል። ጭማሪው ብቻውን በዓመት 7.2 ሚሊዮን ዩሮ ነው። በ4 ከመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት የሚመለስ ብድር ቢወሰድ ይህ ጭማሪ ወደ 125 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን ዕዳ ይሸከማል፤ የቤዛንሶንን ትራም ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። ቀሪውን ከከተማዋ በጀት፣ ከክልሉና ከማዕከላዊው መንግሥት ማሟላት ያን ጊዜ ከሕልም ወጥቶ የድርድር ጉዳይ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ እኔ ከመላው ሕግ ውስጥ እጅግ የማደንቀው እርሱን ነው። ከተማዋ ከፍተኛውን ምጣኔ ከጣለች በኋላ ሥራው በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ ምጣኔው ተመልሶ ይወርዳል። ከንቲባው በትራም ስም ሰብስቦ ለሌላ ነገር ሊያውለው አይችልም፤ አሠሪውም የከፈለው ገንዘብ ሐዲድ ሲሆን ያያል።

ውጤቱ ባንድ ጀምበር አልታየም። በ1970ዎቹ ፈረንሳይ የቀድሞ ትራሞቿን ከሞላ ጎደል ነቅላ ጨርሳ ነበር፤ የቀሩት ሊል፣ ማርሴይና ሳንት ኤቲየን ብቻ ነበሩ። በ1975 የትራንስፖርት ኃላፊው ማርሴል ካቫዬ ለስምንት ከተሞች ደብዳቤ ጽፎ አዲስ ትራም እንዲያጠኑ ጋበዛቸው። ከስምንቱ አንዳቸውም ቀዳሚ አልሆኑም። በ1985 የመጀመሪያውን አዲስ ትራም ያስጀመረችው በደብዳቤው ላይ ስሟ ያልነበረው ናንት ናት። ግብዣው ያልደረሳት ከተማ ቀድማ መገኘቷ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መዋጮውን ለመጣልና ለማዋል የማንንም ጥሪ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ከናንት በኋላ ግረኖብል በ1987፣ ስትራስቡርግ በ1994 ተከተሉ። ከዚያም ኦርሌያን፣ ቫለንሲየን፣ ለ ማን፣ አንዤ፣ ብሬስት፣ ዲዦን እያለ ወደ ትንንሾቹ ወረደ፤ ዛሬ ትራም ያላቸው የፈረንሳይ ከተሞች ከ20 ይበልጣሉ።

ናንት ግን ሌላም ነገር ታስተምራለች። ትራሙን ያስጀመሩት ከንቲባ አላን ሼናር ግንባታው እየተካሄደ ሳለ በ1983 በተደረገው ምርጫ ተሸነፉ፤ ለሽንፈታቸው ትራሙና የፈጠረው የመንገድ መጨናነቅ አስተዋጽኦ ነበራቸው። ተተኪያቸው ሥራውን ማቆም ቢፈልጉም ሐዲዱ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበርና አልቻሉም። ብዙኃኑ በማይጠቀምበት ነገር ለምን ይከፍላል የሚለው ተቃውሞ በምርጫ ጣቢያ እንዲህ ይገለጣል፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። ግብር ከፋዩ ወጪውን ዛሬ ይከፍላል፣ አቧራውን ዛሬ ይቅማል፤ ጥቅሙን የሚያየው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልሰጥ የምችለው ምላሽ ይህ ነው። ናንት ትራሙን ካየች በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር ጨመረች፤ ያንን ያደረጉት በሕዝብ የተመረጡ ምክር ቤቶች ናቸው። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ከንቲባ ቢቀጣም ሥራውን አላፈረሰውም። የታሰረ ገቢ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ፕሮጀክቱ ከአንድ ሰው የሥልጣን ዘመን በላይ እንዲኖር ማስቻሉ ነው።

ገቢ መኖሩ ግን ለብክነት ፈቃድ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ እጅ ደግሞ አንድ ስህተት ለትውልድ ይተርፋል። ቤዛንሶን በዚህ በኩል የምትመሰገን ናት። ከሌሎቹ አጭር የሆነ፣ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ትራም ገዛች፤ ለጣቢያዎቹ ጌጥ የሚወጣውን ገንዘብ ቀነሰች፤ አዲስ የተባለ ያልተፈተነ ቴክኖሎጂ አልነካችም። በኪሎ ሜትር 17 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣባት፤ በዚያ ዘመን በሌሎች የፈረንሳይ ከተሞች ከ20 ሚሊዮን በላይ ማውጣት የተለመደ ነበር። ዲዦንና ብሬስት ደግሞ አንዷ በምሥራቅ ሌላዋ በምዕራብ ጫፍ ያሉ፣ የሚያገናኛቸው ነገር የሌለ ከተሞች ሲሆኑ፣ ትራሞቻቸውን በአንድ ጨረታ በጋራ ገዙ። ለፋብሪካው ብቻዋን ቀርባ 20 ትራም የምትለምን ከተማ ያላትን የመደራደር አቅምና ከሃምሳ በላይ ትራም ይዘው የቀረቡትን ሁለቱን ማወዳደር ነው። በተቃራኒው ካንና ናንሲ በ2000ዎቹ መባቻ ርካሽ ይሆናል የተባለ፣ በጎማ እየሄደ በአንድ ሐዲድ የሚመራ ተሽከርካሪ መረጡ። ከሁለቱ በቀር የገዛው የለም ማለት ይቻላል፤ ብልሽቱ በዛ፤ አምራቹም ምርቱን አቆመ። ካን በ2017 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘግታ በ2019 መደበኛ ትራም ከፈተች፤ ናንሲም በ2023 የእርሷን አቆመች። ካን በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ለአንድ መስመር ሁለት ጊዜ ከፈለች። ትልቅ ከተማ ልትሞክረው የምትችለውን ትንሽ ከተማ መሞከር የለባትም፤ ለውድቀቱ የሚሆን ትርፍ የላትምና።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ የሚነሳው ከአሠሪዎች ነው። ደመወዝ ላይ የሚጣል መዋጮ መቅጠርን ያስወድዳል፤ ኩባንያዎችም መዋጮ ወደሌለበት ወደ ጎረቤት ከተማ ይሸሻሉ ይላሉ። ይህ ክርክር በእንግሊዟ ኖቲንግሃም እጅግ ጮክ ብሎ ተሰምቷል፤ እዚያ የታሰበው ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ ነበር። ሕጉ ለከተሞች ሥልጣኑን የሰጠው በ2000 ሲሆን፣ ኖቲንግሃም የተጠቀመችበት በ2012 ነው። ለሠራተኞቹ 11 ወይም ከዚያ በላይ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ያዘጋጀ አሠሪ በእያንዳንዱ ቦታ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ በመጀመሪያው ዓመት 288 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያም በየዓመቱ ጨመረ። ገቢው በሕግ ለአካባቢው ትራንስፖርት ብቻ ይውላል። የከተማዋ ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ኩባንያዎች ይለቃሉ ተባለ። የተባለው ስደት አልመጣም። ክፍያው በጸጥታ እየተሰበሰበ ማዕከላዊው መንግሥት ከሸፈነው ከፍተኛ ድርሻ ጋር ተዳምሮ በ2015 የተከፈቱትን ሁለት አዳዲስ የትራም መስመሮች ለመሥራት አስቻለ። የኖቲንግሃም መንገድ አንድ ተጨማሪ ፍትሕ አለው ብዬ አስባለሁ፤ የሚቀረጠው መቅጠር ሳይሆን መንገዱን የሚያጣብበው መኪና ነው። ሠራተኞቹን በአውቶቡስ እንዲመጡ ያደረገ አሠሪ የማቆሚያውን ቦታ ቀንሶ ክፍያውን መቀነስ ይችላል፤ ብዙዎቹም አድርገውታል።

እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር፤ ኖቲንግሃም ራሷ በ2023 በጀቷን ማመጣጠን እንደማትችል በይፋ አስታውቃለች። በዚህ ምክንያት የማቆሚያ ክፍያውን የሚወቅሱ አሉ። ከተማዋን ለዚያ ያበቋት ነገሮች ግን ሌሎች ናቸው፤ የማዕከላዊው ድጎማ መመናመን፣ የማኅበራዊ እንክብካቤ ወጪ መናር፣ ከዚያ ቀደም ብሎም የከተማዋ ንብረት የነበረው የኤሌክትሪክና የጋዝ ሻጭ ድርጅት ያደረሰው ኪሳራ። የማቆሚያ ክፍያው በሕግ የታሰረ ስለነበር ያንን ቀዳዳ ሊደፍንበት የሚችል አልነበረም። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ በችግር ጊዜ ገንዘቡን ወደ አስፈላጊው ቦታ ማዛወር ለምን አይቻልም? በእኔ ግምት ትራሙ የቆመው በዚያው ክልከላ ነው። በየዓመቱ ለሚነሳው አስቸኳይ ጉዳይ ሁሉ ክፍት የሆነ ሣጥን ለ30 ዓመት ብድር መያዣ አይሆንም።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ትንሽ ነው ለሚል፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በሮኪ ተራሮች ውስጥ ያለውን የሮሪንግ ፎርክ ሸለቆን ማየት ነው። በላይኛው ጫፍ ያለችው አስፐን የሀብታም የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ስትሆን ነዋሪዋ 7 ሺህ ገደማ ነው፤ የታችኛው ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ከ10 ሺህ ብዙ አትበልጥም። በአስፐን ሆቴሎች የሚሠራው ሰው እዚያ ቤት መከራየት ስለማይችል በየቀኑ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ይመላለሳል። የሸለቆው ከተሞች ለየብቻቸው ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ አንድ የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን አቋቋሙ። በ2008 የአካባቢው መራጭ ተጨማሪ የሽያጭ ታክስ በድምፁ አጸደቀ። የራሳቸው ገንዘብ በእጃቸው ስለነበር የፌዴራሉ መንግሥት ለአነስተኛ ፕሮጀክቶች ከያዘው በጀት ድጎማ ለመጠየቅ ቻሉ፤ በጠቅላላው 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ፈጣን አውቶቡስ በ2013 ሥራ ጀመረ። የሽያጭ ታክስ ድሃውን ይጎዳል የሚለው ወቀሳ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ዳቦ የሚገዛው ሁሉ ይከፍላልና። በዚያ ሸለቆ ግን ከገበያው ትልቅ ድርሻ ያለው ቱሪስቱ ነው፤ አውቶቡሱን የሚሳፈረው ደግሞ አልጋ የሚያነጥፈው ሠራተኛ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ባለገንዘብ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ለቤዛንሶን አሠሪው ነው፣ ለአስፐን እንግዳው። ትራም ሳይሆን አውቶቡስ መምረጣቸውም የሚያስመሰግናቸው ነው፤ 65 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለዚያ ሕዝብ ቁጥር ዕዳ ብቻ ይሆን ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማዕከላዊው መንግሥት ሁሉንም ለምን አይሠራም? ሀብታሙን ከተማ ከድሃው ጋር የሚያስተካክል እርሱ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ደሞዙ ዝቅተኛ በሆነበት ከተማ አንድ ከመቶ የሚያስገባው ገንዘብ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ድጎማ የግድ ያስፈልጋል። ድጎማ ብቻውን ግን አይበቃም። በፈረንሳይ ለትራሞች ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ድጎማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቋረጠ፤ በአካባቢ ጥበቃ ላይ በ2007 ከተደረገው አገር አቀፍ ምክክር በኋላ ተመለሰ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በርካታ ከተሞች ሥራቸውን አላቆሙም፤ መዋጮው ነበራቸው። ገቢያቸው ከላይ ብቻ የሚመጣላቸው ቢሆኑ ኖሮ ግማሽ የተሠራ ሐዲድ ይዘው በቆሙ ነበር። ሌላው ቀርቶ ድጎማው ሲመጣ የሚመርጠው አስቀድሞ የተዘጋጀውን ነው።

ሁለተኛው አቋራጭ መንገድ የግል ባለሀብት ይሥራው የሚለው ነው። ባለሀብት ገንዘብ ያቀርባል እንጂ ዋጋውን አይከፍልም፤ ያቀረበውን ከነትርፉ ከቲኬት ወይም ከከተማዋ ካዝና ይመልሳል። ቲኬቱ ደግሞ በትንሽ ከተማ የግንባታውን ይቅርና የሥራ ማስኬጃውንም አይሸፍንም። በብድርም ቢሆን አደጋው የሚመጣው ገቢው በአንድ ዓይነት ገንዘብ፣ ዕዳው በሌላ ዓይነት ሲሆን ነው። ሳንት ኤቲየንና ሌሎች የፈረንሳይ ከተሞች ከ2008 ቀውስ በፊት ባንኮች ያቀረቡላቸውን፣ ወለዱ ከስዊስ ፍራንክና ከሌሎች ገንዘቦች ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ብድር ፈረሙ። መጀመሪያ ላይ ወለዱ ዝቅተኛ ነበር፤ ምንዛሪው ሲገለበጥ ናረ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ መንግሥትም የመደገፊያ ፈንድ ለማቋቋም ተገደደ። የእነዚህ ከተሞች ገቢ በዩሮ ነው፤ ስለ ስዊስ ፍራንክ ምንም የሚያገባቸው አልነበረም።

ይህን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ ከዚያም 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ወደ 21 ብር ይመነዘር ነበር፤ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ተሳፋሪው የሚከፍለው ጥቂት ብር ነው፤ ዕዳውና መለዋወጫው በዶላር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስህተቱ ባቡሩ ራሱ አይደለም፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከወረፋ አስጥሏል። የጎደለው ከቲኬት ሌላ፣ ከከተማዋ ኢኮኖሚ ጋር አብሮ የሚያድግ፣ ለባቡሩ የታሰረ ገቢ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብና የአገሪቱ ካዝና ያላት ከተማ እንዲህ ከተቸገረች፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ ወይም ድሬዳዋ ተመሳሳዩን መንገድ ሊከተሉ አይገባም።

የእነዚህ ከተሞች ትልቁ የራስ ገቢ ለረጅም ጊዜ የመሬት ሊዝ ሆኖ ቆይቷል። ሊዝ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ መሬቱ ሲያልቅ ገቢው ያልቃል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጨረታው ይከሽፋል። መንገድ ዳር ያለው ቦታ አስፋልት ሲደርስለት ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር፣ ቀድሞ የተመራው ሰው ትርፉን ይወስዳል እንጂ ከተማዋ የምታገኘው የለም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ የፌዴራል መንግሥት መሥራቱ ተገቢ ነው፤ የአገር መንገድ ያልፍበታልና። ከድልድዩ ወጥቶ ወደ ገበያው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ቀበሌዎቹ የሚሄደውን ሕዝብ የሚያመላልስ አውቶቡስና ለእርሱ የተለየ መንገድ ግን የከተማዋ ጉዳይ ነው፤ ፌዴራሉ አይሠራላትም፤ ዛሬ ክፍተቱን የሚሸፍነው ባጃጁና ሚኒባሱ ነው።

የአሠሪው መዋጮ እዚህ ይሠራል ወይ? አብዛኛው ሰው በትንንሽ ንግድና በቀን ሥራ በሚተዳደርበት አገር የደመወዝ መዝገብ ጠባብ መሠረት ነው፤ ተቃዋሚዎች ይህን ሲሉ እቀበላቸዋለሁ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ከተመረቀ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ገብተውበታል። የቤት ኪራይና የመመላለሻ ችግር ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ እንዲለቁ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል መሆኑ ይታወቃል፤ ይህ ደግሞ አሠሪውን ራሱን በሥልጠና ወጪ ያስከፍለዋል። ከደመወዝ ወጪው ጥቂት እጅ ለአስተማማኝ አውቶቡስ ቢያዋጣ የሚያጣው ከሚያገኘው ያንሳል። ግን ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስትወጣ አንዳንድ ኩባንያዎች ፓርኩን ለቀቁ። በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ ብቻ የቆመ መዋጮ ከዚያ ኢንዱስትሪ ጋር ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚከብደው ምሰሶ ሌላ ቦታ መተከል አለበት።

ያ ቦታ መሬትና ሕንፃ ነው፤ መሬት ከተማ ለቆ አይሄድም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለዚህ መሠረት ጥሏል፤ በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑ ከሊዝ የሚለየው ትልቁ ነገር ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ገቢ የተወሰነ እጅ በክልል ሕግ ለሕዝብ ትራንስፖርት እንዲታሰር፣ ከተማዋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሥራ ካልጀመረችም ልክ እንደ ፈረንሳይ ድርሻው እንዲቀነስባት ነው። ነዋሪው ለዚህ አዲስ አይደለም። በብዙ ከተሞቻችን የኮብልስቶን መንገድ የተነጠፈው የሰፈሩ ሰው ከወጪው የድርሻውን አዋጥቶ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚነጠፍ ስላወቀ ከፈለ። ኮሎምቢያ ይህንኑ ሐሳብ ከ1921 ጀምሮ ሕግ አድርጋዋለች፤ አዲስ መንገድ ሲሠራ የንብረታቸው ዋጋ የሚጨምርላቸው ባለቤቶች ከጭማሪው ላይ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቦጎታ፣ ሜደዪን፣ እንዲሁም የቡና አብቃዩ አካባቢ ከተማ ማኒዛሌስ ሠርተውበታል።

እዚህም ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። በቀበሌያቸው አርባ ዓመት የኖሩ፣ ቤት እንጂ ገቢ የሌላቸው አዛውንት የመንገዱ ዳር ቤታቸው ዋጋ ስለጨመረ ብቻ በምን ይከፍላሉ? የዋጋው ጭማሪ በወረቀት ላይ ነው፤ ገበያ ሄደው ጤፍ አይሸምቱበትም። ይህን ችላ ያለ ከተማ ድሆችን ከመሃል ገፍቶ ያስወጣል፤ ግብሩም በሕዝብ ዘንድ ይጠላል። መፍትሔው ክፍያውን መተው ሳይሆን ጊዜውን ማዘግየት ነው። ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ባለቤት የሚደርስበት ክፍያ በቤቱ ካርታ ላይ ተመዝግቦ ያለ ቅጣት ይቆይ፤ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ፈርሶ ፎቅ ሲሠራበት፣ ያ ጭማሪ ወደ እውነተኛ ገንዘብ ሲለወጥ ይከፈል። በአዲሱ መንገድ ዳር ባዶ መሬት አጥሮ የተቀመጠው ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሙሉውን ይክፈል።